ዴኒስ ፖተር

ዴኒስ ፖተር (ሜይ 17 ቀን 1935 – ጁን 7 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊና ዳይሬክተር ነበር።

የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ሲሆን የተወለደው በግሎስተርሺር ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ በጋዜጠኝነት ሠራ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሶሪያቲክ አርትራይተስ የተባለ የቆዳና የመገጣጠሚያ በሽታ ያዘው። በሽታው ጣቶቹን አጣመማቸው፤ ዕድሜውን ሙሉም አልተወውም። በ1964 የሌበር ፓርቲ እጩ ሆኖ ለፓርላማ ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ድራማ ጽሑፍ አዘነበለ።

በ1976 የተቀረጸውን «ብሪምስቶን ኤንድ ትሪክል» የተባለ ድራማውን ቢቢሲ ከማስተላለፍ ታቀበ፤ ተመልካች ያየው በ1987 ነው። በ1978 በቀረበው «ፔኒስ ፍሮም ሄቨን» ተዋናዮቹ የድሮ ሸክላ ዘፈኖችን እንደሚዘፍኑ ሆነው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የተደነቀው የ1986ቱ «ዘ ሲንጊንግ ዲቴክቲቭ» ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ በፖተር በሽታ ተይዞ ሆስፒታል የተኛ ደራሲ ነው። በ1989 ጽፎ ራሱ ዳይሬክት ያደረገው «ብላክአይስ» ግን በሴቶች አሳሳሉ ብርቱ ነቀፌታ ገጠመው።

በፌብሩዋሪ 1994 የቆሽት ካንሰር እንዳለበትና ብዙ እንደማይቆይ ተነገረው። በቀሩት ሳምንታት «ካራዮኪ» እና «ኮልድ ላዛረስ» የተባሉትን የመጨረሻ ድራማዎቹን ጽፎ ጨረሰ። በቻነል 4 በተላለፈ ቃለ መጠይቅ፣ ሕመሙን በሞርፊን እያስታገሠ፣ ተፎካካሪዎቹ ቢቢሲና ቻነል 4 ሥራዎቹን በጋራ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ባለቤቱ ማርጋሬት ባረፈች በ9ኛው ቀን እሱም አረፈ። ሁለቱ ጣቢያዎች ድራማዎቹን በ1996 በጋራ አሳዩ።