ጋዝንና ፈሳሽን በአንድ ቀመር ያዛመዱት የአናጢው ልጅ

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1873 በኔዘርላንድስ በሚገኘው የሌይደን ዩኒቨርሲቲ አንድ የ35 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ጽሑፉ ጋዝና ፈሳሽ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውንና በአንድ ቀመር ሊገለጹ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ነበር። እኚህ መምህር በፊዚክስ ታሪክ ስማቸው በጉልህ የሚጠራው ዮሐንስ ዲደሪክ ቫን ደር ዋልስ ናቸው።

ቫን ደር ዋልስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1837 በዚያችው በሌይደን ከተማ ሲሆን፣ ለቤተሰቡ አሥር ልጆች የበኩር ልጅ ነበሩ። አባታቸው የአናጢነት ሙያ ነበራቸው። በዘመኑ በነበረው ሥርዓት የሠራተኛ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ትምህርት የማግኘት ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነበር። ላቲንና ግሪክኛ ያልተማረ ሰው የዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበርና ወጣቱ የተከተሉት መንገድ የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ሆነ።

ይሁን እንጂ ትምህርታቸውን አላቋረጡም። እ.ኤ.አ. ከ1862 ጀምሮ ከማስተማር ሥራቸው በሚተርፋቸው ጊዜ በሌይደን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የሥነ ፈለክ ትምህርቶችን ይከታተሉ ነበር። የሚማሩት ግን ዲግሪ ሊያስገኝላቸው የማይችለውን ትምህርት ነው። በ1865 በደቬንተር ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆነው ተቀጠሩ፤ በዚያው ዓመት አና ማግዳሌና ስሚት ከተባሉት ወጣት ጋር ትዳር መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሄግ ተዛወሩ። ቆየት ብሎ የሳይንስ ተማሪዎች ከጥንታዊ ቋንቋዎች ግዴታ ነፃ የሚሆኑበት ደንብ በመውጣቱ፣ ለዓመታት የተዘጋባቸው በር ተከፈተ።

ለመሆኑ ያ የዶክትሬት ጽሑፍ ይህን ያህል ትኩረት የሳበው ለምንድን ነው?

ማንኛውም ቁስ ከጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ በዚያው ልክ ሙቀት በሰጣቸው ጉልበት ሳያቋርጡ ይንቀሳቀሳሉ። በጠጣር ውስጥ መሳሳቡ ስለሚያይል ቅንጣቶቹ በየቦታቸው ተይዘው ይርገበገባሉ እንጂ ስፍራቸውን አይለቁም። በፈሳሽ ውስጥ እንደተቀራረቡ ይቆያሉ፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው አጠገብ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ፈሳሽ የዕቃውን ቅርጽ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጋዝ ውስጥ እንቅስቃሴው መሳሳቡን ድል ስለሚነሳ ቅንጣቶቹ ተበታትነው ያገኙትን ስፍራ ሁሉ ይሞላሉ።

ከቫን ደር ዋልስ በፊት ጋዞች ይገለጹበት የነበረው ሕግ ይህን ሁሉ ወደ ጎን የተወ ነበር። በሕጉ መሠረት ቅንጣቶች ምንም ስፍራ የማይዙ ነጥቦች ናቸው፤ እርስ በርስም አይሳሳቡም። ለስስ ጋዝ ይህ ግምት ያገለግላል። ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ሲታመቅ ግን የሕጉ ስሌትና የቤተ ሙከራው ውጤት ይለያያሉ። በሕጉ ብቻ የሚሄድ ሰው ጋዝ ወደ ፈሳሽነት የሚለወጥበትን ምክንያት ጨርሶ ሊያስረዳ አይችልም፤ የማይሳሳቡ ነጥቦች የሚሰባሰቡበት ምክንያት የላቸውምና።

የጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውሲየስ የሙቀት ጥናት ያነቃቃቸው ቫን ደር ዋልስ በአሮጌው ሕግ ላይ ሁለት እርማቶችን ብቻ አከሉ። አንደኛው ቅንጣቶች ራሳቸው ስፍራ ስለሚይዙ ከጋዙ ይዘት ላይ የሚቀነስ መጠን ነው። ሁለተኛው ቅንጣቶች ስለሚሳሳቡ በግፊቱ ላይ የሚደመር መጠን ነው። እርማቶቹ ቀላል ቢመስሉም ያስከተሉት ለውጥ ግን ትልቅ ነው። አንዱ ቀመር ጋዙንም፣ ፈሳሹንም፣ በመካከላቸው ያለውንም ሽግግር በአንድነት ይገልጽ ጀመር።

የቤልፋስቱ ቶማስ አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1869 እንዳመለከቱት፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ከሆነ ምንም ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም። አዲሱ ቀመር የዚህን ወሳኝ ነጥብ ምሥጢር ፈታ፤ ከዚያ መጠነ ሙቀት በላይ እንቅስቃሴው ከመሳሳቡ ስለሚበረታ ግፊት ብቻውን ቅንጣቶቹን ሊያሰባስብ አይችልም። ይህ ልዩነት በየዕለቱ የሚታይ ነው። በየቤቱ ለማብሰያ በሚያገለግለው የቡታጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፈሳሽ ነው። በሆስፒታል የኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው ግን፣ ወሳኝ መጠነ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 118 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ጋዝ ሆኖ ይቆያል። በጠጣርና በፈሳሽ መካከል እንዲህ ያለ ነጥብ እስካሁን አልተገኘም፤ የጠጣር ቅንጣቶች ሥርዓት ባለው አደራደር መቆማቸው ነገሩን የተለየ ያደርገዋል።

በወቅቱ የአቶምንና የሞለኪውልን መኖር የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ጥቂት አልነበሩም። ቫን ደር ዋልስ ግን ሞለኪውሎች በእውን ያሉ ነገሮች መሆናቸውን አምነው ነው ስሌታቸውን የጀመሩት። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1874 ሥራውን ሲገመግሙ አንዳንድ ነጥቦቹን ቢተቹም፣ በሆላንድኛ የተጻፈው ይህ ጥናት ተመራማሪዎችን ቋንቋውን እንዲያጠኑ እያነሳሳቸው መሆኑን ገልጸዋል። ላቲንና ግሪክኛ አያውቁም ተብለው የተከለከሉት ሰው ለሌሎች ቋንቋ የመማር ምክንያት ሆኑ።

በ1877 አዲስ በተቋቋመው የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1880 ደግሞ ልዩ ልዩ ቁሶች ከየራሳቸው ወሳኝ ነጥብ አንጻር ሲለኩ ተመሳሳይ ጠባይ እንደሚያሳዩ የሚገልጸውን ሕግ አቀረቡ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። በ1881 ባለቤታቸው በሳንባ ነቀርሳ በ34 ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ይዘው የቀሩት ቫን ደር ዋልስ ሌላ ትዳር አልመሠረቱም። በዚያው ዓመት የዶክትሬት ጽሑፋቸው ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ ዝናቸው በአውሮፓ ሲሰፋ፣ እርሳቸው በሐዘን ተውጠው ለአሥር ዓመታት ያህል የረባ ነገር ሳያሳትሙ ቆዩ። ዝምታቸውን የሰበሩት በ1890 ስለ ድብልቆች ባወጡት ጥናት ነበር።

በሌይደን የሚሠሩት ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ የቫን ደር ዋልስን ሕግ እንደ መሪ ካርታ ይጠቀሙበት ነበር። ሂሊየም ፈሳሽ የሚሆንበትን መጠነ ሙቀት አስቀድመው በስሌት ገመቱ፤ ከዚያም ጁላይ 10 ቀን 1908 ጋዙን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዘው ፈሳሽ አደረጉት። ከጋዞች ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ እጅ የሰጠው ሂሊየም ነበር፤ የአቶሞቹ መሳሳብ እጅግ ደካማ ነውና። ከሁለት ዓመት በኋላ የ1910 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለ73 ዓመቱ ቫን ደር ዋልስ ተሰጠ።

ቫን ደር ዋልስ ማርች 8 ቀን 1923 በአምስተርዳም አረፉ። በስማቸው የሚጠራው የቅንጣቶች መሳሳብ ከየት እንደሚመነጭ ግን በሕይወት ሳሉ በተሟላ መልኩ አልታወቀም ነበር። ፍሪትዝ ለንደን በአዲሱ የኳንተም ሳይንስ በመታገዝ ምንጩን ያስረዱት በ1930 ነው። በ2002 የወጣ ጥናት ደግሞ ጌኮ የተባለችው እንሽላሊት በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ የምትወጣው በዚሁ ደካማ መሳሳብ መሆኑን አመልክቷል።