የአለን ቱሪንግ ጡሩንባ



በዚህ ዓመት በኮምፒዩተር ክፍላችን አንድ ነገር ገጠመን። ተማሪዎች ኮምፒዩተሮቹ ሲከፈቱና ስሕተት ሲፈጠር የሚያሰሙትን ድምፅ አንሥተው ራሳቸው በቀረጹት ተኩት። አንዱ ኮምፒዩተር በአማርኛ ይጣራል፤ ሌላው እንደ ቦዳ ቦዳ ጡሩንባ ይጮኻል። ልንቀጣቸው ተነሥተን ነበር። ከዚያ በፊት ግን ኮምፒዩተር በድምፅ እንዲናገር መንገድ ከከፈቱት ሰዎች የአንዱን፣ የአለን ቱሪንግን ሕይወት አስታወስን።

ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1912 በለንደን ተወለደ። አባቱ በሕንድ በመንግሥት ሥራ ላይ ስለነበሩ እርሱና ወንድሙ የልጅነታቸውን ብዙ ጊዜ እንግሊዝ አገር በሰው ቤት አሳለፉ። ወላጅ በሩቅ አገር ሲሆን ምን እንደሚመስል ከእኛ መካከል የሚያውቀው ብዙ ነው። በካምብሪጅ ሒሳብ አጠና፤ በ1936 ባወጣው ጽሑፍም የታዘዘውን ደረጃ በደረጃ የሚፈጽም ማሽን በሐሳቡ ነደፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሌችሊ ፓርክ ሆኖ ጀርመኖች በኢኒግማ የሚላላኩትን ምስጢር ከፈቱት ዋነኞቹ አንዱ ነበር። ሥራው በምስጢር ስለተያዘ በሕይወት ሳለ ሕዝብ አላወቀለትም።

በ1948 ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1951 ፌራንቲ የተባለው ኩባንያ አዲስ ኮምፒዩተር ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲው አስረከበ። በማሽኑ ውስጥ ምን እየተከናወነ እንደሆነ በስክሪኑ ላይ ከሚታዩ ነጥቦች ለይቶ ማንበብ አድካሚ ነበር። ማሽኑ ግን ጡሩንባ የሚሉት ድምፅ ማጉያ ነበረው። አንድ ጊዜ ሲታዘዝ ጠቅ ይላል፤ ትእዛዙ በፍጥነት ሲደጋገም ጠቅታዎቹ ተያይዘው አንድ የዜማ ድምፅ ይሆናሉ። ቱሪንግ ይህን አሠራር ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ባዘጋጀው መመሪያ አስረዳ። የፈለገው ሥራው ማለቁን ወይም ስሕተት መፈጠሩን ሰው በጆሮው እንዲያውቅ ነበር። የዛሬ ኮምፒዩተሮቻችን የማስጠንቀቂያ ድምፅም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

መመሪያው ክሪስቶፈር ስትሬቺ ለሚባል የትምህርት ቤት መምህር ደረሰው። ስትሬቺ ረጅም ፕሮግራም ጽፎ መጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ በማሽኑ እንዲሠራም ተፈቀደለት። ሲነጋ ኮምፒዩተሩ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር በነበረችው ኡጋንዳም የሚዘመረው ይኸው መዝሙር ነበር። በዚያው ዓመት ቢቢሲ የማሽኑን ዜማ ቀረጸ።

ቱሪንግ ብዙ አልቆየም። በ1952 በግል ሕይወቱ ምክንያት በዘመኑ ሕግ ተከስሶ ተፈረደበት፤ በ1954 በ41 ዓመቱ ሞተ። የንግሥቲቱ ምሕረት የተሰጠው በ2013 ነው፤ እርሱ ግን አልሰማውም።

ያን ሌሊት አንድ መምህር ማሽኑን እንዳይነካ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ መዝሙሩ ባልተሰማ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቻችንን አልቀጣንም፤ አንድ ደንብ ብቻ አወጣን። ድምፅ የሚቀይር ተማሪ ያ ድምፅ ምን እንደሚያመለክት ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ የማይለጥፍ የቀድሞውን ድምፅ ይመልሳል። የቦዳ ቦዳው ጡሩንባም በፈተና ሰሞን ዝም እንዲል ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል።

ወላጆች ሆይ፣ በቤታችሁ ያለው ኮምፒዩተር እንግዳ ድምፅ ቢያሰማ ከመቆጣታችሁ በፊት ትርጉሙን ልጃችሁን ጠይቁ።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።