ደራሲው ያለውና ጋዜጦቹ የጻፉት

ከአሜሪካ ደራሲያን መካከል ሸርዉድ አንደርሰንን ለይቼ የምከታተልበት ምክንያት አለኝ። ሰውየው ስለ ራሱ የሰጠው የምስክርነት ቃልና ከኋላው የቀሩት ሰነዶች አይገጣጠሙም። ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ማለፍ ይቸግረዋል።

አንደርሰን በ1876 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦሃዮ ግዛት ተወለደ፤ ያደገውም ክላይድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከድህነት ተነስቶ ኢሊሪያ ከተማ ውስጥ የቀለም ንግድ ባለቤት ለመሆን በቃ። በኖቬምበር 1912 አንድ ቀን ከቢሮው ወጥቶ ጠፋ። ከአራት ቀን በኋላ ክሊቭላንድ ውስጥ አእምሮው ተዛብቶ ተገኘና ሆስፒታል ገባ። በኋለኛው ዘመኑ ግን ታሪኩን ለውጦት፣ ንግድን ንቆ ለጥበብ ሲል አውቆ የወጣ ሰው ሆነ።

ከዚያ ቺካጎ ሄዶ በማስታወቂያ ጽሑፍ እየተዳደረ ልቦለድ መጻፉን ያዘ። «ዋይንስበርግ፣ ኦሃዮ» የተጻፈው እዚያ ነው። መጽሐፉ ከሃያ በላይ አጫጭር ታሪኮች አሉት። እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይነበባል፤ ነገር ግን ሁሉም የአንዲት ከተማ ሰዎች ታሪክ ስለሆኑና አንድ ወጣት በመካከላቸው ስለሚመላለስ፣ አንብበው ሲጨርሷቸው አንድ ልቦለድ ሆነው ይገኛሉ። ወጣቱ ጆርጅ ዊላርድ የከተማዋ ጋዜጣ ሪፖርተር ነው። ሰዎች ለማንም ያልነገሩትን ሸክም ለእሱ ሊያራግፉ ይመጣሉ። ጋዜጣው ላይ የሚወጣው ግን ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለው ወሬ ነው! እኔ በበኩሌ ስለ ሙያችን ከዚህ የበለጠ የታዘበ ልቦለድ አላነበብኩም።

ከታሪኮቹ አንዱን፣ «እጆች» የሚለውን፣ በአንድ መቀመጫ አንዲት ቃል ሳይለውጥ እንደጻፈው ሲናገር ኖሯል። ረቂቁ ቺካጎ በሚገኘው ኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ስርዝ ድልዙ ብዙ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የመጣው ነው። የቀድሞ አሳታሚው ጆን ሌን አልቀበልም ስላለው በ1919 ቤን ሁብሽ ኒውዮርክ ላይ አሳተመለት። አንደርሰን ስለዚያ ወቅት ሲያወራ፣ አብዛኞቹ ተቺዎች መጽሐፉን ቆሻሻ ብለው አወገዙት ይላል። ይህን ቃል ሌሎችም ተቀብለው ለረጅም ጊዜ እንደ እውነት ደጋገሙት።

እንግዲህ ወደ ሰነዱ እንሂድ። «ኒውዮርክ ሰን» በእርግጥ ክፉኛ ዘልፎታል። ይሁንና በዚያን ጊዜ የሚፈራው ሃያሲ ሄንሪ ሜንከን «ስማርት ሴት» መጽሔት ላይ አሞግሶታል። ሐርት ክሬን የተባለው የኦሃዮ ልጅ፣ ያኔ የ20 ዓመት ገጣሚ፣ ሌላ መጽሔት ላይ አድናቆቱን ጽፏል። በኋላ የወቅቱን ግምገማዎች አንድ በአንድ የመረመሩ ምሁራን ያገኙት አብዛኛው ምስጋና መሆኑን ነው።

አንደርሰን ዋሸ አልልም። አሥር ሰው አመስግኖት አንዱ ቢሰድበው፣ ማታ ከተኛ በኋላ የሚመጣበት ስድቡ ነው። የሚያሳዝኑኝ መጽሐፉን በቅን ልቦና አንብበው ሥራቸውን በሚገባ የሠሩት ጸሐፊዎች ናቸው። ምስጋናቸው ተዘንግቶ ከተሳዳቢው ጋር በአንድ መዝገብ ተከሰሱ። በጋዜጣ ስለምጽፍ ለእነሱ ባደላ አይፈረድብኝም።

ሰውየው ጋዜጣን ጠልቶ ቀረ እንዳንል ደግሞ በ1927 ቨርጂኒያ ውስጥ ማሪዮን ከተማ ላይ ሁለት ሳምንታዊ ጋዜጦች ገዛ። አንዱ የዲሞክራቶች፣ ሌላው የሪፐብሊካኖች ነበር፤ ሁለቱንም ራሱ ያዘጋጅ ነበር። የፍርድ ቤት ውሎና የገበያ ወሬ ይጽፋል፤ «በክ ፊቨር» የሚባል የሌለ ዘጋቢ ፈጥሮም በእሱ ስም ይቀልዳል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሥራውን ለልጁ ለሮበርት አስረከበ።

በማርች 1941 ወደ ደቡብ አሜሪካ በመርከብ ሲጓዝ በዋጠው የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር የተነሳ ሆድ ዕቃው አመርቅዞ፣ ፓናማ ውስጥ ኮሎን ላይ በ64 ዓመቱ አረፈ። የሕይወት ትዝታው በ1942 ታተመ፤ በተቺዎቹ ላይ ያቀረበው ክስም እንዳለ አብሮ ወጣ።