አባ ጎርጎርዮስ፦ ከቤተ አምሐራ እስከ ጎታ

የዘንድሮው የምሩቃን መጽሔት አዘጋጆች ከሙያዬ ጋር የሚያያዝ የአንድ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዙም አላመነታሁም። ያደግሁት ሐይቅ ነው፤ የማስተምረው ደግሞ ባህል ተሻጋሪ ተግባቦትን። የዚህን ትምህርት ንድፈ ሐሳብ ስናስተምር ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከአሜሪካዊው ኤድዋርድ ሆል ነው። ሆል እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በጊዜ አያያዙና በሚጠብቀው ርቀት ጭምር እንደሚናገር አስረድቷል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ከዚያ 300 ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የወሎ ሰው የዚህን ትምህርት መሠረት በኑሯቸው አሳይተው ነበር። እኒያ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1595 አካባቢ፣ በጥንቱ ቤተ አምሐራ በመካነ ሥላሴ ነው፤ በዛሬው አጠራር ደቡብ ወሎ። አገሩ የመጻሕፍትና የነገሥታት አገር ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ብዙ ሊቃውንት አፍርቷል። አምባሰል ውስጥ ያለችው ግሸንም የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባት አምባ ነበረች።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚስዮን ሲያይል አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ቀረቡ፤ ፖርቱጋልኛም ለመዱ። ዐፄ ፋሲለደስ የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰው ሚስዮናውያኑን ሲያስወጡ እሳቸውም አገራቸውን ለቀው ወጡ። በሕንድ በኩል ዞረው ሮም ገቡ፤ ያረፉትም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው በኢትዮጵያውያን ማደሪያ ነበር። የማደሪያው ስም ቅዱስ እስጢፋኖስ መሆኑ ለእኔ ለሐይቁ ልጅ ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ እዚያ መጣ። ግዕዝን የተማረው ከመጻሕፍት ብቻ ነበር። አነባበቡን ሲሰሙ ኢትዮጵያውያኑ ሳቁ፤ ያነበበውን ሲተረጉም ግን ተገረሙ። ታዲያ በምን ይግባቡ? ሉዶልፍ አማርኛ አያውቅም፣ አባ ጎርጎርዮስም ጀርመንኛ አያውቁም። በመጨረሻ በግዕዝ መነጋገር ጀመሩ። ሁለቱም ቢሆኑ ግዕዝን የሚያውቁት ለንባብና ለጸሎት እንጂ ለወሬ አልነበረም።

እኔ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነሣው ይህችን ነጥብ ነው። አንዱ የሌላውን አፍ መፍቻ ቋንቋ ሲናገር ምንጊዜም አንደኛው ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል። እዚህ ግን ሁለቱም እኩል ይንተባተቡ ነበር። ዛሬ ባህሎች የሚገናኙበት ሦስተኛ ቦታ እያልን የምናስተምረው እኮ ይኸው ነው!

ቋንቋው ብቻውን አልበቃም። ሉዶልፍ ስለ ሰዋስው ሲጠይቅ፣ አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋውን ጠንቅቀው ቢያውቁም የጥያቄው ዓይነት እንግዳ ሆነባቸው። ጠያቂው ጥያቄውን በምሳሌ ማስረዳት ነበረበት፤ መላሹም ለራሳቸው ግልጽ የሆነውን ነገር ከውጭ እንደሚመጣ ሰው ማየት መልመድ ነበረባቸው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ሰምና ወርቅን አንሥቶ እንዳሳየው፣ የአማርኛ ቁም ነገር ብዙ ጊዜ ከቃሉ ሥር ነው ያለው። ያንን ለባዕድ ለማውጣት መዝገበ ቃላት አይበቃም፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1652 የጎታው መስፍን ኧርነስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዛቸው። ዕድሜያቸው ወደ 57 ተጠግቶ ነበር። ያን በጋ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ስለ አገራቸው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸውና ስለ ሕዝቡ ልማድ ሲጠየቁና ሲመልሱ ከረሙ። ያኔ በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚወራው ብዙው ተረት ነበር። ሉዶልፍ በኋላ ያንን ተረት ሲያፈርስ ዋና ምስክሩ እሳቸው ነበሩ። ወደ ሮም ከተመለሱም በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር።

አገራቸውን ግን ዳግመኛ አላዩም። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ በሶርያ ባሕር ዳርቻ ተሰበረችና ሞቱ።  መስፍኑ በ1663 ሌላ መልእክተኛ፣ ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብን፣ ወደ ኢትዮጵያ ቢልክም ከግብፅ አላለፈም።

የዘሩት ግን በቀለ። የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያ ታሪኩ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተሙ። የመጨረሻው የወጣው እሳቸው ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ተባለ፤ ይገባዋል። ግን እሱ ራሱ መምህሩን አልደበቀም፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስገብቶላቸዋል። የደበቅናቸው እኛ ነን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሆልን የሚያውቅ ተመራቂ ሞልቷል፤ እሳቸውን የሚያውቅ ስንት ነው?

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የኮርሶቻችንን ዝርዝር ስናሻሽል ከመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሰዓት ለአባ ጎርጎርዮስ እንስጥ። ሆልን እናስወጣ ማለቴ አይደለም፤ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነው የምለው። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ይይ። በውጭ አገር ያላችሁ ምሩቃን ደግሞ፣ ስለ አገራችሁ ሲጠይቋችሁ ምንጭ ብቻ ሆናችሁ አትቅሩ፤ እንደ እሳቸው መምህር ሁኑ፣ ስማችሁም ከሥራው ጋር ይጻፍ። መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን።