የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወት፦ በግዞት አገር የጸና ፍቅር



በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረችውን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ታሪክ ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶች፣ ቤተ ክርስቲያናችን አገር ቤት ቀርቷል፣ ካህን በቅርብ የለንም፣ ታዲያ እዚህ ሆነን ወደ እግዚአብሔር እንዴት እንቀርባለን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ወለተ ጴጥሮስም ይህ ጥያቄ የደረሰባት ሰው ናት። ሦስት ዓመት የተጋዘችበት ዠበይ የሚባለው አገር በኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቆላ፣ በሱዳን ጠረፍ በኩል የነበረ በረሃ ነው። የገዳሪፍን የሚያዝያ ሐሩር የቀመሰ ሰው ኑሮዋን ለመገመት አይቸገርም።

ልጅነትና ትዳር

ወለተ ጴጥሮስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1592 ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ወገኖቿ መኳንንት ስለነበሩ እንደ ዘመኑ ልማድ ገና በወጣትነቷ ለትልቅ ሹም ተዳረች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት የአፄ ሱስንዮስ የቅርብ ባለሟል ነበረ። ሀብት፣ አገልጋይ፣ ክብር ሁሉ ነበራት። ነገር ግን የወለደቻቸው ሦስት ልጆች ሁሉም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

ልጅ የቀበረች እናት ኀዘኗን የት እንደምታደርሰው የሚያውቁ ወላጆች በመካከላችን አሉ። ወለተ ጴጥሮስ ኀዘኗን ይዛ ወደ ጸሎት ገባች። ጾሟ በዛ፤ ለድሆች የምትሰጠው በዛ፤ ቀሪ ዘመኗን ለእግዚአብሔር ብቻ ልትሰጥ ቆረጠች።

ሸሽታ የተመለሰችበት ምክንያት

አንድ ቀን መነኮሳት ረድተዋት ከቤቷ በስውር ወጣች። ባሏ ግን ወታደር አስከትሎ ፈለጋት፤ የተሸሸገችበትንም አገር አጠፋ። ወለተ ጴጥሮስ ሰዎች በእርሷ ምክንያት መከራ እንደወረደባቸው ባየች ጊዜ ተመልሳ ወደ ባሏ ገባች።

ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ምንኩስናን ከምንም በላይ ትመኝ ነበር። ቢሆንም እግዚአብሔርን እወዳለሁ እያለች ጎረቤቷን ለእሳት አሳልፋ መስጠት አልሆነላትም። የሁለቱ ፍቅር፣ የእግዚአብሔርና የሰው፣ አንድ መሆኑን በዚህ ሥራዋ አሳየች።

ኋላም እ.ኤ.አ. በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ላይ ተገደሉ። ባሏ በነገሩ እጁ እንዳለበት ስትሰማ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ እንደማትችል አስታወቀችው። በዚህ ጊዜ ለቀቃት፤ እርሷም መነኮሰች።

ብቻዋን አልነበረችም

ብዙ ሰው ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ማለት ከሰው መራቅ ይመስለዋል። ወለተ ጴጥሮስ ግን ጓደኛ ነበረቻት። እኅተ ክርስቶስ የምትባል፣ እንደ እርሷ ከትልቅ ቤት የወጣች መነኩሲት ናት። ገድሏ እንደሚተርከው ሁለቱ በተያዩበት ቀን ፍቅር በልባቸው ገባ። ከዚያ ወዲህ በጸሎትም በመከራም ሞት እስኪለያቸው አልተለያዩም። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ታበረታታት ነበር።

የእምነት ክርክርና ግዞት

በዚያን ዘመን ከአውሮፓ የመጡ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት አስገብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1626 ንጉሡ ይህን እምነት በአዋጅ አጸኑት። አዋጁን የተቃወሙ ብዙዎች ተገደሉ፤ ተሰደዱ። ወለተ ጴጥሮስ በየአገሩ እየዞረች ሕዝቡ የአባቶቹን እምነት እንዲጠብቅ መከረች። በዚህም ተይዛ ወደ ንጉሡ ሸንጎ ቀረበች። የቤተ መንግሥት ዘመዶቿ ለመኑላት፤ ከሞትም አተረፏት። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምኗት ደከሙ፤ እርሷ ግን አልተመለሰችም። በመጨረሻ በዘበኛ ታጅባ ወደ ዠበይ ተጋዘች።

ይህን የምንጽፈው የዛሬዎቹን የካቶሊክ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። እምነት በአዋጅና በሰይፍ ሲጫን ምን እንደሚያስከትል ታሪኩ ራሱ ይናገራል። ሙስሊም ተማሪዎቻችንም እንደ አገራቸው ታሪክ ያንብቡት።

በዠበይ የሆነው

ወለተ ጴጥሮስን ወደ በረሃ የሰደዷት ሰዎች ተረስታ የምትቀር መስሏቸው ነበር። በዚያ ሙቀት ታመመች፤ ከምትወደው ገዳም ተለየች። ነገር ግን ጸሎቷን አላቋረጠችም። ዜናዋ በተሰማ ጊዜ እምነታቸውን ለመጠበቅ የሸሹ ወንዶችና ሴቶች ወደ እርሷ መሰብሰብ ጀመሩ። በሕይወቷ ካቋቋመቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው በዚያው በግዞት አገር ተመሠረተ። ያሉበትን አገር የጸሎት ቦታ ያደረገው በአንድነት መኖራቸውና መጸለያቸው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከግዞት ተፈታች። እ.ኤ.አ. በ1632 አፄ ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲል ነገሡ። ወለተ ጴጥሮስም በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በዘጌና በሌሎችም ስፍራዎች ማኅበራቷን አስፋፋች። ሴት ሆና በወንድም በሴትም መነኮሳት ላይ እመምኔት ነበረች። በማኅበሯ የባለጸጋ ልጅና የድሃ ልጅ በአንድ ሥርዓት ይኖሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1642፣ ኅዳር 17 ቀን፣ በ50 ዓመቷ አረፈች። እኅተ ክርስቶስ በቦታዋ ተተክታ ማኅበሩን መራች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ የሚያውቋትን ሰዎች ቃል ሰብስቦ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ኢትዮጵያዊ ስለ ኢትዮጵያዊት ሴት ከጻፋቸው ቀደምት የሕይወት ታሪኮች አንዱ ነው። የጣናው የቆራጣ ገዳም ስሟን ሲያስጠራ ኖሯል።

ከታሪኳ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ኀዘናችንን ከእግዚአብሔር መሸሸግ አያስፈልግም። ልጅ ለአባቱ እንደሚናገር፣ የናፈቅነውንም ያስቆጣንንም በገዛ ቋንቋችን እንንገረው።

ሁለተኛ፣ ፍቅር በየቀኑ ካልተመገበ ይከሳል። ለውኃ ከመሰለፋችን በፊት፣ ማታም ከመተኛታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ለጸሎት እንስጥ። አጭር ሆኖ የማይቋረጥ ጸሎት በዓመት አንድ ቀን ከሚደረግ ረጅም ጸሎት ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የጸሎት ጓደኛ እንፈልግ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ስትጸልዩ ይስሟችሁ።

አራተኛ፣ ከጎረቤት መጠለያ ጋር የተጣላን እንደሆነ አስቀድመን እንታረቅ። ወለተ ጴጥሮስ ለሰዎች ብላ ወደ ማትፈልገው ቤት ተመልሳለች፤ እኛ ወደ ጎረቤት ደጅ ጥቂት እርምጃ መሄድ አያቅተንም።

ጥያቄዎች

1. ወለተ ጴጥሮስ መጀመሪያ ከሸሸች በኋላ ወደ ባሏ የተመለሰችው ለምንድን ነው?
2. የመጀመሪያው ማኅበሯ የት ተመሠረተ? ማን ማንስ ተሰበሰበ?
3. በመጠለያችሁ ካሉ ሽማግሌዎች አንዱን ጠይቁ፤ በስደት መንገድ ላይ እምነታቸውን ያጸናላቸው ምን እንደነበረ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ።