ዳግማዊ ምኒልክና የክፉ ቀን በሽታዎች

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው መቅደላ ተቀመጡ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው በወሎ በኩል ሸዋ ገቡ። በአካል ያዩዋቸው የውጭ አገር ሰዎች ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ እንደነበረ ጽፈዋል። የዘመኑን በሽታ በገጻቸው የተሸከሙ ንጉሥ ነበሩ።

በ1880 ዓ.ም. ሰውን የማይዝ፣ ግን ሰውን የፈጀ በሽታ መጣ። ኢጣልያኖች ለሠራዊታቸው በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ እንደ ገባ የሚታመነው፣ ሕዝቡ ደስታ ብሎ የሚጠራው የከብት ወረርሽኝ ነው። (ስሙ አንባቢን አያስደንቀው፤ የሚያስፈራውን በበጎ ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነው።) ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል።

ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ያለችበትን የቦርከና ሸለቆ ለሚያውቅ፣ የዚህን ትርጉም ማስረዳት አያሻም። የጨፋ ሜዳ በበጋ ከሩቅም ከቅርብም ከብት የሚሰበሰብበት ግጦሽ ነው። መንጋ በውሃና በሣር ላይ ሲገናኝ በሽታው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛመታልና፣ በደኅናው ዘመን በረከት የሆነው መስክ በወረርሽኝ ጊዜ ወጥመድ ነው። የደጋው ገበሬ በሬው ቢሞት የጎተራው እህል እስኪያልቅ ይቆያል፤ በወተት የሚኖረው የቆላ ሰው ግን ላሚቱ የወደቀች ዕለት ራቱን ያጣል።

ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ራብ ያደከመውን ሕዝብ ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ፈጁት። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ጊዜ ክፉ ቀን ተባለ።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት በዚሁ መካከል፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ጎተራቸውን ከፈቱ፤ የበሬ ሥጋ መብላት ተዉ፤ ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ስለ ዶማው ብዙ ተነግሯል፤ በእኛ አስተያየት ግን ነገሩ ለታይታ ብቻ አልነበረም። ኮክ በደቡብ አፍሪካ የከብቱን ክትባት የሞከረው በ1889 ዓ.ም. ነውና፣ በሬ ለሌለው ገበሬ በእጅ ቆፍሮ ከመዝራት ሌላ መድኃኒት አልነበረም። መኳንንቱ የእጅ ሥራን በሚንቁበት አገር ይህን ንጉሥ ሠርቶ ማሳየቱ ቀላል አይደለም። የንጉሥ ጎተራ ግን የሚረዳው ደጃፉ መድረስ የቻለውን ነው።

ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ሥራ ጀመሩ፤ በ1902 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተቋቋመ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ከጨፋ ሜዳ እስከዚያ ሆስፒታል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጉዞውም በእግርና በበቅሎ ነበር።