የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት

ራስ አዳልን አፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። ከፋ እኮ ያን ጊዜ የራሱ ታቶ ነበረው፤ ቦንጋን ማን ጠየቀ?

የቡናውንና የዝሆን ጥርሱን አገር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይመኙት ነበርና በ1874 ዓ.ም. ሆሮ ጉድሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ገጠሙ። ጎጃም ተሸነፈ፤ ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። የተማረከ ንጉሥ ምን እንደሚጠብቀው መቼም አይጠፋንም። ምኒልክ ግን ቁስላቸውን በገዛ እጃቸው አከሙላቸው። ትናንት ጦር የሰበቀ ሰው ዛሬ ጎንበስ ብሎ ቁስል ሲያጥብ! እኔን ከድሉ ይልቅ ይሄ ይገርመኛል። ተክለ ሃይማኖትም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በኋላ ሁለቱ በአፄ ዮሐንስ ላይ አበሩ። አፄው በ1881 ዓ.ም. ጎጃምን ሲቀጡ ምኒልክ አልደረሱላቸውም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ንጉሡ ግን ቂም አልያዙም፤ በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ቆሙ። በ1893 ዓ.ም. እንደ ነገሡ ዐረፉ።

በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የዘመተበት የኛው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ግን ተማርከው ከሄዱ ወዲህ ከፋን ዳግመኛ አላዩም።